የቱሪያ የግራ ጫማዎች

ለወንድሜ ሉቅማን፣ ጅቡቲ

አሰላሙ ዓለይኩም። ሰላምታዬ እንደ ከዚራ ዛፎች ጥላ ሰፍቶ ያለህበት ይድረስህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ብቻ እኔ ተናድጃለሁ አቦ።

ጆንያ መስፊያው ቤት ተቀጠርኩ። የስፌት መኪናውን ያስተማረችኝ እህታችን ቱሪያ ናት፤ ዛሬም ክሩ ሲበጠስብኝ የምትቀጥልልኝ እሷው። ደመወዝ ሲመጣ ግን የኔ ከሷ በለጠ። አለቃውን ብጠይቀው «ወንድ ቤት ያስተዳድራል» አለኝ። እኔን ነው እኮ የሚለው፤ ሽርጤን እንኳ የገዛችልኝ እሷ ናት።

በሚቀጥለው ወር ሻሿን ተከናንቤ የሴቶቹ ሰልፍ ላይ ቆምኩ። ገንዘብ ያዡ ቀና ሳይል የሴት ክፍያ ሰጠኝ። «ወሪያ፣ ሻሽ ይህን ያህል ያስቆርጣል?» ብዬ ስገለጥ ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ቱሪያ ብቻ አልሳቀችም።

ወደ ቤት ስንመለስ «ከጅቡቲው ኦቦክ ወደብ የመን በጀልባ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለችኝ። «ዋና ሳትችይ?» ብዬ ቀለድኩባት። ሰሞኑን ልብሷን እያጠበች ታጣጥፋለች።

ከደወለችልህ ባሕሩ ዘንድሮ ከፍቷል በላት። ውሸት ያስተማርከኝ አንተ ነህ፣ እንዳታሳፍረኝ። እኔም የግራ ጫማዎቿን ሁሉ ደብቄያለሁ፤ የተለመደው ቀልዴ መስሏታል።

አላህ ሦስታችንንም አንድ ትሪ ዙሪያ ያገናኘን።

ታናሽህ ሙመድ