ደረቀ የተባለው ኮርች

ይድረስ ለማከብርዎ እኅቴ ለእትዬ ቦሰና፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ዘንድሮ ለቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ እሺ አለዎት? ጾሙስ እንዴት ይዞዎታል? እኔ ወገቤ ከሚያጉረመርመው በቀር፣ ክብር ምስጋና ለእርሱ ይሁንና፣ ደኅና ነኝ።

ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ ራሴ ክፋት ነው። እዚህ ቤይሩት በምጠርግበት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የግቢውን ዛፍና ተክል ሁሉ እየቆጠሩ ነው። ግንዱን ይለካሉ፣ ስሙን ይጽፋሉ፣ ቁጥር ይለጥፉበታል። ጓዳ ጎድጓዳውን የሚያሳያቸው ሰው ቢጠይቁ አለቃችን አብራኝ የምትጠርገውን መቅዲን ሰጣቸው። መቅዲ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ እዚህ ከገባች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። እኔ የእያንዳንዱን ዛፍ ቅጠል ዐሥራ አንድ ዓመት ጠርጌአለሁ። ለእሷ ግን ስሟ የተጻፈበት ካርድ አንገቷ ላይ አንጠለጠሉላት። ቅር ማለቴን አይታ «እማማ፣ ያኒ ይሄ የእግር ሥራ ነው፤ እርስዎ ጥላው ሥር ይረፉ» አለችኝ፣ እንደ ልማዷ የዚህን አገር ዓረብኛ ቀላቅላ። ያን ቀን ጥላውን ትቼ ፀሐይ ላይ ስጠርግ ዋልሁ።

ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ አንድ ኮርች አለ፤ እንደ አባታችን አጥር እሾኻም። በዚህ ወር ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን ይቆማል። አንዷ ተማሪ «ይኼስ?» ብትላት፣ መቅዲ «ኸላስ፣ አልቆለታል፤ ደርቋል» አለች። ደረቅ ተብሎ ተመዘገበ፤ እንዲቆረጥም ቀይ ቀለም ተቀባ። ኮርች ቆርጠው ቢተክሉት እንኳ እንደሚያቆጠቁጥ እኔና እርስዎ እናውቃለን። ሳይቆረጥ አበባው ሲፈነዳ ትፈር ብዬ አራት ቀን ዝም አልሁ።

በአምስተኛው ቀን አትክልተኛው መጋዝ ይዞ መጣ። ያን ጊዜ፣ እትዬ፣ መምህራችን ሒሳብ ጠይቀውዎ፣ መልሱ ጠፍቶዎት ሰሌዳው ፊት የተገረፉበት ቀን ትዝ አለኝ። እኔ መልሱን አውቀው ነበር። ሁልጊዜ የሚመሰገኑት እርስዎ ስለነበሩ አፌን ዘጋሁ። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርሁዎትም።

መጥረጊያዬን ጥዬ ሄድሁና ልጡን በቁልፍ ፋቅሁላቸው፤ ውስጡ አረንጓዴ ነው። መጋዙ ተመለሰ። ተማሪዋ ዛፉን ያወቀው ማን ነው ብላ እንደምትጽፍ ስትጠይቅ፣ መቅዲ ሳታቅማማ «የሚያውቁት እማማ ናቸው፤ እኔ ተሳስቻለሁ» ብላ ካርዷን ከነስሟ አውልቃ አንገቴ ላይ አጠለቀችው። ብትጣላኝ ይሻለኝ ነበር። የካርዱ ቅናት ሳይወጣልኝ አሁን ደግሞ በልቧ እቀናለሁ። እንዲህ ያለ ልብ በዐሥር ዓመቴ ቢኖረኝ እርስዎ ባልተገረፉ።

ለባለቤትዎ ለጋሽ ዘማርያም እጅ እነሣለሁ። ልጅዎን መስታወትን በሁለት ጉንጯ ይሳሙልኝ። የልጅ ልጅዎ ሰላማዊት ባለፈው በጻፈችልዎ ደብዳቤ ሦስት ቦታ አራት ነጥብ ረስታለች፤ ይቅርታዎን ወይም ቁጣዎን ሲያጽፏት እንዳትረሳ።

እኅትዎ ሸዋረገድ
ናባዓ፣ ቤይሩት
መጋቢት 23 ቀን 2015 ዓ.ም.