የስሟ ቦታ

ይድረስ ለልጄ፤

እንዴት ነሽ? ባልሽስ? ላሟ ወለደች? እኔ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴን ካልጠየቅሽኝ። ፊደሌ ቢወላገድ አትሳቂ። ይህን ነገር በሰው እጅ አላስጽፍም ብዬ ነው።

እናትሽ ወፍጮ ላይ ሆና ለአምላካችን ለቪቶባ የገጠመችውን መዝሙር፣ ካረፈች ወዲህ ቤተ መቅደስ የማነሳው እኔ ነኝ። ታስታውሺዋለሽ፤

«እጅህ ወገብህ ላይ፣ ቆመህ ታየኛለህ፤
እኔ ስፈጭልህ፣ አንተ ምን ታግዛለህ?»

ምስሉ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ የቆመውን አምላክ እንዲህ ስትቆጣው ሰዉ መጀመሪያ ይስቃል፣ ኋላ ዓይኑን ይጠርጋል። ምቱ እንደ ወፍጮዋ ዙር ነው፣ አያነክስም። የሚያነክሰው መጨረሻው ላይ፣ በእኔ ነው። መቼም መዝሙር የሚዘጋው በገጣሚው ስም ነው። እኔ ደግሞ የሚስቴን ስም በአፌ ጠርቼ አላውቅም፤ በእኛ ወግ ባል ሚስቱን በስሟ አይጠራም። እኔ «ሰማሽ?» ስላት፣ እሷ «የልጅቷ አባት» ስትለኝ፣ በዚሁ አረጀን። እና ስሟ ጋ ስደርስ ዝም እላለሁ። ከበሮው ይመታል፣ አፌ ባዶ ነው።

ባለፈው የዘማሪዎቹ አለቃ ቫማን «ጋሼ፣ እዚህች ጋ ጥርስዎ ወለቀ እንዴ?» አለኝ፤ ሁሉም ሳቁ። ቀጥሎ ያለው ግን ቀልድ አይደለም። «ስም የሌለው መዝሙር አልተዘጋም፣ ለቪቶባ የጾም በዓል እንዲህ አይቀርብም፤ የአባቴ ስም ለምቱ ልክ ይመጣል፣ እሱን እናስገባለን» አለ። ሌላ ሰው ይበልላችሁ እንዳልል፣ ስሟ በባዕድ ወንድ አፍ አይዞርም። ዝም ካልኩ ቫማን መዝሙሯን ይወስድብኛል። ልበል ስል ምላሴ እሺ አይለኝም። በየትም ብዞር መውጫ የለኝም።

ስለዚህ አንቺ ነይ። ለበዓሉ ዋዜማ ድረሺና ሴቶቹ ጋ፣ ከምሰሶው ሥር ቁሚ። እኔ አነሳዋለሁ፤ ስሟ ጋ ስደርስ አንቺ ጥሪው። ለባልሽ አባቴ አሞታል በይው። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ውሸት አይሆንብሽም።

ለዘማሪዎቹ ስሟን የማልጠራው ወጋችን ስለሆነ ነው ብያቸዋለሁ፤ ወጋችንም ነው። ትናንት ግን ብቻዬን ልሞክረው ብዬ በሩን ዘጋሁ። ወፍጮዋ አጠገብ ተቀመጥኩ፣ አፌንም ከፈትኩ። ከዚያ አሰብኩት። ብጠራት ማን አቤት ሊለኝ ነው?

ቪቶባ ጓዳሽን ይሙላ፣ ላሟንም በሰላም ያገላግላት። ሳትመጪ እንዳትቀሪ።

የልጅቷ አባት