የሻያ ዓሣ ለምን ከሳ

ሰኞ፣ ኅዳር 8
ጋሽ ሁሴን እየዋሹኝ ነው። ማስረጃ የለኝም፤ ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ከሻያ ወንዝ የሚያጠምዱትን ዓሣ ርዝመትና ክብደት ቅጽ ላይ የሚሞሉልን እሳቸው ናቸው። ዓምና የዓሣ ሀብት ቢሮአችን ሰው ወንዙ ዳር ቆሞ ይመዝን ነበር። ዘንድሮ ነዳጅ ስለጠፋ ሚዛኑን ለእሳቸው ሰጠን። የዓሣው ርዝመት እንደ ዓምናው ነው፤ ክብደቱ ግን ወርዷል። ወይ ዓሣው ተርቧል፣ ወይ ወፍራም ወፍራሙን ለጎባ ሆቴል አስረክበው ከሲታውን ብቻ ይጽፉልናል።

ማክሰኞ
ለአለቃዬ ለዶክተር ግርማ ጥርጣሬዬን ነገርኩት። “ቁጥሩ የሚለው ዓሣው ምግብ አጥቷል ነው፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?” ብሎ ሪፖርቱን አስጻፈኝ። ሻያ ለሁለት ዓመት ለአጥማጆች ይዘጋ የሚል። ዓርብ አዲስ አበባ ላይ ከጎረቤት አገር ባለሙያዎች ጋር ለደጋ ወንዞች የጋራ መመሪያ ያረቅቃሉ፤ የእኛን ወንዝ እንደ ምሳሌ ያቀርባል። ገጽ አራት ላይ ያለው ሠንጠረዥ የእኔ ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ አልተዋጠልኝም። ወንዙ ከተዘጋ ጋሽ ሁሴን ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። ጾሙም ሊገባ ነው፤ የዓሣ ገበያ የሚደራው ያኔ ነው። ሰው በራሱ ላይ በር የሚዘጋ ውሸት ይዋሻል?

ረቡዕ
ሳልነግራቸው ከሮቤ በባጃጅ ሄድኩ። ቁጥቋጦ ተከልዬ ሰለልኳቸው፣ በዚህ ዕድሜዬ። አንድ ዓሣ አወጡ፣ ለኩ፣ ጻፉ። ከዚያ ሆዱን ሰንጥቀው አንጀቱን ጣሉ፤ አጠቡትና ሚዛን ላይ አወጡት። ዘልዬ ወጣሁ።
“ጋሽ ሁሴን፣ ምነው ሳይመዝኑ አጸዱት?”
“ከነአንጀቱ ልመዝን? ዋላሂ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እሱ እኮ ማጭበርበር ነው። አላህ ሚዛን የሚያዛባ አይወድም።”
ቅጹን ተቀብዬ አየሁት። “ክብደት” ይላል፣ በቃ። ሳይጸዳ ይመዘን የሚል መስመር የለበትም፤ የዓምናው ሰውዬ ግን ከነአንጀቱ ነበር የሚመዝነው። ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ።

ሐሙስ
ጠዋት ተመልሼ ሄድኩ። ሰባት ዓሣ ከነአንጀታቸው መዘንን። ሁሉም እንደ ዓምናው ናቸው። ሰባት ጥቂት ነው፣ አውቃለሁ። ለዶክተር ደወልኩ። “ስንት ዓሣ አበሉሽ?” አለ። የሁሉንም ፎቶ ከነሚዛኑ ላክሁለት።

ዓርብ
ከምሳ በፊት የዶክተር መልእክት ደረሰኝ። “ገጽ አራትንና ሻያ ይዘጋ የሚለውን አውጥቻለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ሰው ይመዝናል፤ አንቺ ወንዙ ጋ እንዳትሄጂ።” አልቅሼ ወጣልኝ። ተጠርጣሪ መሆን እንዲህ ያንገበግባል ለካ። ሌላው ሰው ምን እንደሚጽፍ ደግሞ ማን ያውቃል።
ለጋሽ ሁሴን ደውዬ ወንዙ ለጊዜው አይዘጋም አልኳቸው።
“ሊዘጋ ነበር እንዴ?” አሉኝ።
ለካ ማንም አልነገራቸውም። እኔም ጭምር።