ለአባባ ውሃ የሚሆን አፈር

ሐሙስ፣ የካቲት 12፣ ሐይቅ

ከደሴ ገዝቼ ሳሎን ያስቀመጥኳት ባለሰፊ ቅጠል አበባ ዛሬ አዲስ ቅጠል አወጣች፤ አልሐምዱሊላህ። ሥሯ መበስበስ ጀምሮ ስለነበር ተስፋ ቆርጬ ነበር።

አባባ ከውዱእ የተረፋቸውን ውሃ በየሶላቱ ያጠጧታል። ከጓሮ የሞላሁላት ዋልካ አፈር ደግሞ ውሃውን ይዞ አይለቅም። «ይተዉ» ማለት አቃተኝ። እማዬ ከሞተች ወዲህ ደስ ብሏቸው የሚንከባከቡት ይህቺን አበባ ብቻ ነው።

ስለዚህ አፈሩን ቀየርኩ። ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር ያመጣሁትን አሸዋ ከቅጠል ብስባሽና ከከሰል ስብርባሪ ጋር ቀላቀልኩት፤ የተተከለችበትንም ማሰሮ ከሥር በሳሁት። አሁን ውሃው ወዲያው ይወርዳል።

ዛሬ አባባ አዲሱን ቅጠል በጣታቸው ነካ አድርገው፣ «አየሽ ልጄ፣ ጠምቷት ነው እኮ» አሉኝ።

«አዎ አባባ» አልኳቸው።

ሲወጡ ከማሰሮው ሥር ያለውን ሰሃን በትልቅ ቀየርኩት።