ኢዳዬ ሳያልቅ ለሄድከው

ሁሴኔ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፣ አላህ ቀብርህን ያስፋልህ። ከተለየኸን አንድ ረመዳን ወጥቶ ሌላው እየመጣ ነው። የፈታትን ባሏን እያቆላመጠች የምትጽፍ ሴት አይተህ ታውቃለህ? ይኸው እኔ አለሁልህ።

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። የተገለበጠችብህን ባጃጅ ወንድምህ ሰይድ አስጠግኖ እዚሁ ከሚሴ ይነዳታል። ጡሩንባዋ ያው ነው። በደጃችን ባለፈ ቁጥር ልጃችን ሃያት ጫማ እንኳን ሳታደርግ አባ እያለች ትወጣለች። ሰይድ መሆኑን ስታይ ትመለሳለች፤ በማግስቱ ደግሞ ትወጣለች። ተይ እላታለሁ እንጂ የኔም ልብ አብሯት ይሮጣል።

ያን ቀን የተጣላንበትን ነገር ዛሬ ብትጠይቀኝ በቅጡ አላስታውሰውም። ፈትቼሻለሁ አልክ። አንዴ ብቻ ነው ያልከው፣ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነ። ሸኮቹ የፍቺው መጠበቂያ፣ ኢዳዬ፣ እስኪያልቅ ካንተው ቤት እንድቆይ፣ እስከዚያም በአንድ ቃል ልትመልሰኝ እንደምትችል ነገሩን። አንተ ሳሎን፣ እኔና ሃያት ጓዳ ሆንን፤ መሀላችን መጋረጃ። በገዛ ቤትህ እንደ እንግዳ እህ፣ እህ እያልክ ትገባ ጀመር። ያስቀኝም ያናድደኝም ነበር። ሃያት ሻይ ስታመጣልህ ስኳሩን እንደምትወደው አድርጌ የጨመርኩት እኔ መሆኔን ሳታውቅ አትቀርም።

ሰደቃህን ባወጣን ማግስት ሰይድ መጣ። ወላሂ ፈቷታል፣ ቤቱም ልጅቷም የኛ ናቸው አለ። ሃያትን ባቲ እናትህ ዘንድ ሊወስዳት ነበር። በዚያች ሰሞን እንዴት እንደሰነበትኩ አላህ ያውቃል። ሸሪአ ፍርድ ቤት እንሂድ ያለው ራሱ ነው፤ ፍቺው እዚያ ይጸናልኛል ብሎ። ሁለታችንም ካልፈቀድን አያዩትምና እኔም እሺ አልኩ። ቃዲው ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው፣ ሲሞት ኢዳሽ አልቆ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። በወር አበባ የሚቆጠር ነገር፣ የሴት ገመና፣ በወንዶች ፊት መናገር እንዴት ይከብዳል! አላለቀም አልኩ፣ ማልኩም። እንግዲያው ሚስቱ እንደሆነች ነው የሞተው አሉ። ከውርሱ ድርሻዬ ተለየልኝ፤ ሃያትም ከጉያዬ አልወጣችም። ሰይድ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። አሁን ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል፤ ክፉ ሰው አይደለም።

ሁሉም ተፈረደ፣ አንድ ነገር ግን ቀረ። ከመሞትህ በፊት በነበረው ምሽት ከመግሪብ ሶላት በኋላ መጋረጃው ጋ መጥተህ ቆምክ። ጉሮሮህን ጠረግህ። ጥላህ ይታየኝ ነበር፤ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ። መልሼሻለሁ ብትለኝ ያልቅ ነበር። ምንም ሳትል ተመለስክ። ጠዋት ባጃጅህን አስነስተህ ወጣህ፣ በዚያው ቀረህ።

ለምን ነበር የመጣኸው? ክብሪት ፈልገህም ይሆናል። እናቴ መጋረጃውን ላውርደው ብትል ከለከልኳት። መብራት በጠፋ ቁጥር ከወዲያ በኩል ሰው የቆመ ይመስለኛል። እፈራለሁ፤ ደግሞ ምነው ባይሄድ እላለሁ።

አልረሳህም፣ ሁሴኔ። በየሶላቴ ዱዓ አደርግልሃለሁ፣ ሃያትም ስምህን ከአፏ እንዳትጥል አደርጋታለሁ። ሚስቱ ነሽ ብለው ቃዲው ፈርደውልኛል፣ ከሚሴም ሁሉ ሰምቷል። እኔ ግን ካንተ አፍ አልሰማሁትም።