የየሺ ማመልከቻ ከነማህተሙ

እንጅባራ፣ ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ታናሽ እህቴ የሺ ዛሬ በደስታ ልታብድ ነው። የሒሳብ መምህርት አይደለች? ለተማሪዎቿ ያዘጋጀችውን መልመጃ ግራፎች የሠራችው በአንድ የኢንተርኔት የሒሳብ ገጽ ነበር። የአጠቃቀም ደንቡን ዘግይታ ብታነበው፣ ያለ ፈቃድ ማባዛት ክልክል ነው ይላል። የወር ልፋቷ ገደል ሊገባ!

«ጉዳዩ፦ ፈቃድ ስለመጠየቅ» ብላ ማመልከቻ ጻፈች፤ ርዕሰ መምህሩን አስፈረመች፣ ማህተም አስመታች፣ ፎቶ አንስታ ለገጹ ባለቤቶች በኢሜይል ላከች።

«አንቺ፣ ፈረንጅ ማህተም ምን ያደርግለታል?» ብዬ ስቄባት ነበር።

ዛሬ መልሱ መጣ፤ ለክፍል ትምህርት በነጻ ተፈቅዷል፣ ምንጩ ብቻ ይጠቀስ።

«አየሽ እታለም፣ ያለ ማህተም ማን ዞር ብሎ ያየኝ ነበር!»

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሳይዘጋ ብላ ምሳዋን ትታ በባጃጅ በረረች።