ለድንኳን ሽርሽር የወጣው ሻንጣ

ሱሉልታ፣ ማክሰኞ ታኅሣሥ 12 ቀን 2008 ዓ.ም.

ረብሻውን ፈርታ ልትሸሽ ነው ብለው የሚያወሩብኝ ሐሰት ነው። ሻንጣ ያወጣሁት የልጅ ልጄ ሰሜን ተራሮች ፓርክ አጠገብ ወዳለ የቅንጦት ድንኳን ስለጋበዘችኝ ነው። የላከችልኝ የዕቃ ዝርዝር የሰነፍ ተማሪ ሥራ ነው፤ የፀጉር ማድረቂያ አለው፣ ለዚያ ብርድ ሹራብ የለውም።

"መንገዱ ተዘግቷል" ብላት፣ "እስከ ሐሙስ ይከፈታል እማማ፤ ለፎቶ ነጭ ልበሺ" አለችኝ። እዚህ ልጆች የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን ተቃወማችሁ ተብለው ይታፈሳሉ፤ እሷ ስለ ፎቶ ታወራለች።

የጎረቤቴ የኦቦ ገመቹ ልጅም ታስሯል። አባትየው ስንቅ ይዞ ቢሄድ እሱንም እንዳይዙት ስለሚፈራ የማደርሰው እኔ ነኝ። ዛሬ ሻንጣውን አይቶ፣ "አዴ፣ አንቱም ሊሄዱ ነው?" አለኝ። አፍሬ ሻንጣውን ከፊቱ ገፋ አደረግሁት።

ነገ በመጀመሪያ ለልጁ ሽሮ እሠራለሁ፤ ቀጥሎ ፖሊስ ጣቢያ አደርሳለሁ። እንደማልመጣ ልነግራት ለልጅ ልጄ የምደውለው ከዚያ ስመለስ ነው።